የሚንቀጫቀጭ ሽጉጥ ሁሉ ያረጀ አይደለም፦ ስለ ልልና ጥብቅ መሣሪያ አስተማማኝነት፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው መሣሪያውን እንደ ጨበጠ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቀዋል። ድምፅ ካልሰጠ «ጥብቅ ነው፤ እጅ አልበዛበትም» ይባልለታል፤ ከተንቀጫቀጨ ደግሞ «ላልቷል» ተብሎ ዋጋው ይወድቃል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ግን ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሹን ይናገራል፤ የሚንቀጫቀጨው የሠራዊት ሽጉጥ ጭቃ ገብቶም ይተኩሳል፣ ያ የተዋበውና የጠበቀው ግን ጥቂት አቧራ ሲያይ ይነክሳል ይላል። ሁለቱ ፍርዶች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ሳይታረቁ ይኖራሉ። የሚጋሩት ስሕተት ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም አስተማማኝነትን በጆሮ ይመዝናሉ።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ጉዳዩ የሥራ ፈት ክርክር አይደለም። መሣሪያ በሬ ተሸጦ የሚገዛበት፣ ከአባት ለልጅ የሚወርስበት፣ ሲበላሽም የሠለጠነ ጠጋኝ በቅርብ የማይገኝበት አገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ማን፣ በምን ፈቃድ ሊይዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በፈቃዱ ዙሪያ የሚደረገውም ውይይት ብዙ ነው። ፈቃድ ግን ስለ ባለቤቱ ይናገራል እንጂ ጥይቱ በማጉረሻው ውስጥ በምን ያህል ክፍተት እንደሚቀመጥ አይናገርም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የምሕንድስናም የታሪክም ተመራማሪ እኩል የሸሸው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለመጀመር ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በተራ ንግግር ሦስቱም «ልልነት» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉና። የመጀመሪያው ክፍተት ነው፤ ንድፍ አውጪው በሁለት ተንቀሳቃሽ አካላት መካከል ሆን ብሎ የተወው ባዶ ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ቶለራንስ የሚሉት ነው፤ አንድ አካል በሚመረትበት ጊዜ ከታቀደለት ልክ ምን ያህል ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ተቀባይነት እንደሚኖረው የሚወስን ወሰን ነው። ሦስተኛው መበላት ነው፤ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ዘመን ሲያልፍበት የሚጠፋው ሥጋ። ሰፊ ክፍተት ያለው መሣሪያ በጠባብ ቶለራንስ ሊሠራ ይችላል። የክላሽንኮቭ ጠመንጃ ለዚህ ምስክር ነው፤ መቀርቀሪያውን የሚሸከመው አካል በሐዲዱ ላይ ላላ ብሎ ሲመላለስ፣ መቀርቀሪያው የሚቆለፍባቸው ገጾችና ጥይቱ የሚቀመጥበት ጥልቀት ግን በጥብቅ ልክ የተጠበቁ ናቸው። ላላ ያለው ሊላላ የሚገባው ቦታ ብቻ ነው። «ክላሽ ልል ስለሆነ አይነክስም» የሚለው አባባል ይህን ልዩነት ስለሚውጠው ከሚያስረዳው ይልቅ የሚሰውረው ይበልጣል።

በሽጉጥ ረገድ የክርክሩ ዋና መድረክ ኮልት 45 ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ይህን ሽጉጥ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በተካሄደው ፈተና 6000 ጥይት ያለ እንከን ተኩሷል። ልልነትን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ፈተና ደጋግመው ይጠቅሱታል። የተፈተነው ግን ፋብሪካው ለውድድር ያቀረበው ናሙና እንጂ በጦርነት ጥድፊያ የተመረተ ሽጉጥ አልነበረም። ዝነኛው መንቀጫቀጭ የመጣው ቆይቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮልት ብቻውን ስላልበቃ ጽሕፈት መኪና፣ የአደን ጠመንጃ፣ የባቡር ምልክት መሣሪያ፣ ጥቂት ደግሞ የስፌት መኪና የሚሠሩ ድርጅቶች ሳይቀሩ ይህንኑ ሽጉጥ አመረቱ። የአንዱ ፋብሪካ ተንሸራታች በሌላው ፋብሪካ እጀታ ላይ ያለ ሞረድ መግጠም ነበረበት። ለዚህ ሲባል የተተወው ክፍተት በመጀመሪያ ደረጃ ለጭቃ የታሰበ አይደለም፤ ለመለዋወጫ የታሰበ ነው። ጭቃውን መቻሉ ትርፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ለኢላማ ውድድር የተዘጋጁ ኮልቶች መጡ። ጠጋኞች ተንሸራታቹን በሐዲዱ ላይ አጠበቡ፣ በርሜሉን ከፊት የሚይዘውን ቀለበት በልኩ ሞረዱ፣ የበርሜሉን መቆለፊያ ጥርሶች አገጣጠሙ። ሽጉጦቹ የተተኮሰበትን ነጥብ የሚመቱ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም መንከስ ጀመሩ። ብዙ ሰው ከዚህ «ጥብቀት መንከስን ያመጣል» የሚል ድምዳሜ ወሰደ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሌሎች ነገሮችም ተለውጠው ነበር፤ የጥይት ማጉረሻው ጠብቧል፣ ጥይቱ ቀለል ባለ ባሩድ የተሞላ የውድድር ጥይት ሆኗል፣ ሞላውም ለዚያ ጥይት ሲባል ለስልሷል። ብዙ ተለዋዋጮች አንድ ላይ በተነቃነቁበት ሁኔታ ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት በማንኛውም የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ቢቀርብ ፈታኝ የሚያሳልፈው አይደለም። በሽጉጥ ጉዳይ ግን እንደ ሊቅ ቃል ሲጠቀስ ይኖራል።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። የስዊዘርላንድ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1949 የተቀበለው፣ ሲግ 210 በመባል የሚታወቀው ሽጉጥ ተንሸራታቹ በእጀታው ውስጥ በረጅሙ ታቅፎ እንዲሄድ የተሠራና እጅግ የጠበቀ ነበር። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት ታማኝ የሠራዊት ሽጉጥ ሆኖ አገልግሏል። በሌላ በኩል የጀርመኑ ሉገር፣ አካሎቹ እርስ በርስ በእጅ ስለሚገጣጠሙ በእያንዳንዳቸው ላይ የሽጉጡ ቁጥር ይታተምባቸው የነበረው፣ በቆሻሻና በጥይት ዓይነት ተለዋዋጭነት የሚቸገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1938 ለማምረት የሚቀለውን ዋልተር በምትኩ ተቀበለች። ሁለቱም ጥብቅ፣ አንዱ የሚታመን፣ ሌላው የሚያሳስብ። እንግዲህ ጥብቀት ብቻውን መልስ አይሰጥም።

የስዊዘርላንዱ ሽጉጥ ግን ብቻውን አልነበረም። ከኋላው የጦር ግምጃ ቤት፣ የሠለጠነ ጠጋኝ፣ አንድ ዓይነት ልክ ያለው ንጹሕ ጥይት፣ በወቅቱ የሚታደል ዘይት ነበረው። ጥብቅ መሣሪያ ተቋም ይጠይቃል፤ ተቋሙ ባለበት ይታመናል፣ በሌለበት ይከዳል። ልል መሣሪያ ደግሞ ተቋሙ ሊሠራው ከሚገባው ጥገና ከፊሉን በራሱ ክፍተት ውስጥ ተሸክሞ ይዞራል። ንጽጽሩ መደረግ ያለበት በሽጉጥና በሽጉጥ መካከል ሳይሆን፣ ሽጉጡ ከነአካባቢው ተይዞ ነው።

አካባቢው ደግሞ እዚህ ላይ የራሱ ቃል አለው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ውርጭ፣ ስሙ ራሱ ስለ ነፋሱ ከሚናገረው ከነፋስ መውጫ ደጋ፣ እስከ ስማዳ ቆላ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ድረስ የከፍታው ልዩነት ከ2000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሰው መሣሪያውን በወገቡ አድርጎ ለሠርግ ወይም ለሽምግልና ሲወርድ በጥቂት ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይሸጋገራል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ «ብረት በሙቀት ስለሚያብጥ ጥብቁ ይያዛል» የሚል ነው። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብረት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ የሚያብጠው ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ ተንሸራታቹም ሐዲዱም ብረት ስለሆኑ አብረው ያብጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እምብዛም አይለወጥም። የሚይዘው ሙቀቱ አይደለም። በደጋ የሚረጋው ዘይት፣ በቆላ በዚያው ዘይት ላይ የሚለጠፈው አፈር ነው።

አፈሩ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። የአፈር ሳይንስ ቅንጣቶችን በመጠን ሲከፍል ከ0.05 እስከ 2 ሚሊሜትር ያለውን አሸዋ፣ ከ0.002 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ያለውን ደለል፣ ከዚያ ያነሰውን ሸክላ ይለዋል። ክፍተቱ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ጥብቅ ሽጉጥ አሸዋውን ከደጅ ይመልሳል፤ ደለሉ ግን ገብቶ ይጨናነቅበታል። ክፍተቱ በአሥረኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ልል ሽጉጥ ደለሉን ሲያሳልፍ፣ መካከለኛው አሸዋ ልክ በክፍተቱ መጠን ገብቶ ሽብልቅ ሊሆንበት ይችላል። ዋልካ አፈር ደግሞ የተለየ ባሕርይ አለው፤ እርጥብ ሲሆን እንደ ሙጫ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ልልም ቢሆን ጥብቅም ቢሆን አይምርም። ስለዚህ «በአቧራ ውስጥ የትኛው ይሻላል» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው አቧራ» ተብሎ መመለስ አለበት። የውጭ ሠራዊቶች ፈተና በልክ የተመደበ የሲሊካ ብናኝ ይጠቀማል፤ ከዚያ የተገኘን ውጤት ሳይመረምሩ ወደ እስቴ ዋልካ ማዛወር ተገቢ አይደለም።

ታሪክም በዚህ ክርክር ላይ የሚለው አለው፤ በተለይም ይህ ምድር ከጠመንጃ ታሪክ ጋር ያለው ቁርኝት ጥልቅ ስለሆነ። ከእስቴ ብዙም በማይርቀው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት የተሠራውና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ የተጎተተው በጋይንት በኩል ነው። በዚያ ዘመን የጥብቅና የልል ጉዳይ ዛሬ በሽጉጥ ላይ ከምናየው እጅግ የጎላ ነበር። በአፈሙዝ የሚጎርስ የወታደር ጠመንጃ እርሳሱ ከበርሜሉ ያነሰ እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ ለምሳሌ ብራውን ቤስ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ የበርሜሉ ስፋት 19 ሚሊሜትር፣ እርሳሱ ግን 17.5 ሚሊሜትር ያህል ነበር። ጥቁር ባሩድ ከጥቂት ተኩስ በኋላ በርሜሉን በጥላሸት ስለሚያጠበው ይህ ክፍተት ባይኖር ወታደሩ በጦርነት መካከል እርሳሱን መክተት ይሳነው ነበር። አዳኙ በተቃራኒው በጨርቅ የተጠቀለለ ጥብቅ እርሳስ በትዕግሥት እየገፋ ይከት ነበር፤ አነጣጥሮ ይመታል፣ ግን ይዘገያል።

ይህን ክርክር የቋጨው ከሁለቱ አንዱ አሸንፎ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የገጠመው ስናድር ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። እርሳሱ በአፈሙዝ ማለፉ ስለ ቀረ ከበርሜሉ ጋር ጥብቅ ሆኖ ሊሠራ ቻለ፤ ማጉረሱ ደግሞ ፈጣን ሆነ። ጥብቀቱ ከመግቢያው ተነሥቶ ወደ መውጫው ተዛወረ ማለት ነው። የምሕንድስናው ብልሃት ጥብቅነትንና ልልነትን መምረጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን በቦታው ማስቀመጥ ነበር። ከመቅደላ ታሪክ ሌላም ነገር ይነሣል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት ምስጋና ብላ በቆንስል ካሜሮን እጅ የላከቻቸው ሽጉጦች ነበሩ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከነዚሁ በአንዱ ነው። የስጦታ ሽጉጥ የክብር ዕቃ ነው፤ በሣጥኑ ይቀመጣል፣ ይወለወላል። በሙዚየምም ሆነ በቤተ መንግሥት ታሪክ ውስጥ የሚተረክለት እሱ ነው። በዝናር የዋለው፣ ዝናብ የመታው፣ ሺህ ጊዜ የተተኮሰው መሣሪያ ግን ስለ አስተማማኝነት ከእሱ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ጠያቂ ቢያገኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር የታወቀ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ይህን በኢኮኖሚ ምዕራፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መሐንዲሱ ቢያነበው ግን ሌላ ነገር ያይበታል። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከኪስ ወደ ስልቻ የተዘዋወረ ጥይት ቀለሁ ይጎደጉዳል፣ ይዝጋል፣ እርሳሱ ይነቃነቃል። እንዲህ ያለው ጥይት ለውድድር በጠበበ ማጉረሻ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም አይወጣም። የወታደር መሣሪያ ማጉረሻ ሰፋ ብሎ የሚሠራው ለእንዲህ ያለው ጥይት ነው። ዛሬም ለዓመታት በቤት የተቀመጠ፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ጥይት በሚተኮስበት አገር ይህ ስፋት ከተንሸራታቹ መንቀጫቀጭ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ አለው። ሽጉጡን ሲነቀንቁት ግን አይሰማም።

ጣሊያን ለቅቆት የሄደው ቤሬታ 1934 እና በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የመጣው ማካሮቭ ለዚህ አካባቢ የሚስማሙት ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አይከብድም። በሁለቱም በርሜሉ ሲተኮስ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚመላለሰው ተንሸራታቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ተንሸራታቹ ቢላላም በርሜሉ ከእጀታው ጋር ያለው ግንኙነት አይናጋም፤ አካሎቻቸውም ጥቂት ናቸው። አንድ አደገኛ መመሳሰል ግን አለ። የቤሬታው ጥይት 9 በ17፣ የማካሮቩ 9 በ18፣ የብዙዎቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ደግሞ 9 በ19 ነው። ሦስቱም በአንድ «ዘጠኝ» ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ የማካሮቭ እርሳስ ደግሞ ከሌሎቹ ሁለቱ በሩብ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። አጭሩ ጥይት በረጅሙ ማጉረሻ ውስጥ ተንቀሳቅሶ ሲቀመጥ «ልል» የሆነው መሣሪያው አይደለም፤ ጥይቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ የማይመከር ልልነት ነው።

የጆሮ ፈተና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን በአዲሱ ዕቃ ላይ ነው። በቱርክ ተሠርተው በኮንትሮባንድ የሚገቡ ሽጉጦች ተያዙ የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። በዓለም ገበያ ከሚዘዋወሩት መካከል መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲሰጡ ከዚንክ ቅይጥ ተሠርተው፣ ኋላ በድብቅ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ያብረቀርቃል፤ ሲነቀንቁትም ጭጭ ይላል። በጆሮ ቢመዘን ከአርባ ዓመት ማካሮቭ ይበልጣል። ለጥይት ግፊት ያልተሠራ ብረት ግን በባለቤቱ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በሬውን ሸጦ የገዛው ሰው የከሰረው ገንዘቡን ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደለ።

ልልነትን ማወደስም እንዲሁ ሰው ይጎዳል። «የወታደር መሣሪያ ነውና ልል መሆኑ ጠባዩ ነው» ተብሎ የሚያዘው ጠመንጃ፣ ክፍተቱ የንድፍ ሳይሆን የመበላት ሊሆን ይችላል። በመቀርቀሪያው ፊትና በቀለሁ ግርጌ መካከል ያለው ርቀት በዘመን ብዛት ሲሰፋ፣ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይሰነጠቃል፤ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። የተሰነጠቀ ወይም ግርጌው ያበጠ ባዶ ቀለህ የዚህ ሁሉ ምልክት ነው፤ ከየትኛውም መንቀጫቀጭ ይልቅ ሊነበብ የሚገባውም እሱ ነው። ክፍተቱ በሐዲድ ላይ ቢሆን ይታገሡታል፤ በመቆለፊያው ላይ ከሆነ መሣሪያው ከእጅ መውጣት አለበት።

በአካባቢው ያሉ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች በዚህ ላይ ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ ውድ አይደለም። የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ከጉና ግርጌ፣ ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያና ከስማዳ ቆላ የተወሰደ አፈር በወንፊት ለይቶ፣ እንደ ተንሸራታችና እንደ ሐዲድ በተለያየ ክፍተት በተሠሩ ሁለት የብረት አካላት መካከል በደረቁም በእርጥቡም ሊፈትነው ይችላል፤ ለዚህ ጥይትም መሣሪያም አያስፈልግም። የታሪክ ተማሪ ደግሞ በሙዚየምና በመንግሥት እጅ ያሉትን ውጅግራዎች፣ ወጨፎዎችና ምንሽሮች ሲመዘግብ ከባለቤታቸው ስምና ከተማረኩበት ቦታ አጠገብ የማጉረሻቸውን ስፋት፣ የመቆለፊያቸውን መበላት፣ የተተካውን አካል ቢጽፍ፣ እስካሁን በቃል ብቻ ሲተላለፍ የኖረው የመሣሪያ ታማኝነት ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥር ጋር ይጋጠማል። ምዝገባው ከአሮጌዎቹ ቢጀምር ይሻላል፤ ዝገቱ ማንንም አይጠብቅምና።